ስለት

ዝናቡ አባርቷል።
ጅማ ውስጥ «አባራ» ማለት፣
ለአንድ ሰዓት ነው፤ ቢበዛ ለሁለት።
እኔም በዚችው ፋታ በረንዳው ላይ ወጣሁ፣
ጆንያ አነጠፍኩ፣ መቀሴን አመጣሁ።

ቀይ ነበር እጀታው ከሂርማታ ስገዛው፤
የመዳፌ ላብ ነው ልጦ ልጦ ያወዛው።
ሞላው ተፈናጥሮ አዌቱ ዳር ሣር ውስጥ ቀረ፤
ሙዘይን ባጃጅ ጠጋኙ ከጓዳው አሮጌ ሞላ ቸረ፤
ትንሽ ይጠብቃል፤ ግን ይኸው ስምንት ክረምት ሠራ፣ አልተሰበረ።

ብሎኑን ስፈታ መቀስነቱ አከተመ፤
ሁለት ስም የለሽ ብረት ጆንያው ላይ ተጋደመ።

መጀመሪያ ሙጫው። የማንጎ፣ የዘይቱን ዕንባ፣
ከስለቱ ሥር ጠቁሮ እንደ ሬንጅ የገባ፤
በሎሚ ቅራፊ፣ በአመድ፣ በእርጥብ ጨርቅ፣
ችኮላ አይወድም፤ ቀስ ነው፣ እስኪለቅ።
ቀጥሎ ዝገቱን፤ ላምባ ውስጥ ነክሬ፣
በሽቦ ብሩሽ ፈተግኩት፣ ጥጋጥጉን በጥፍሬ።
ሞረዱን ወደ ፊት፤ ወደ ኋላ አይጎተት፤
ዘመም ያለው ጎን ይሳል፣ ጠፍጣፋው ይተውለት።

ልጄ ረምዚያ ከደጃፍ ታየኛለች፣
«ለአንድ መቀስ ይህን ያህል?» ብላ ትስቃለች፤
ጠርሙሷን ስከፍት አፍንጫዋን ያዘች፣
«ይሄ ደግሞ ሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ይላል!» አለች።

የሐኪም ቤት ነው፣ አዎ። ልንገርሽ፣ ተቀመጪ፤
ያኔ አልተወለድሽም፤ ሰፈራችን ቆጪ።
ከአጥራችን ማዶ፣ ከአዴ ዘቢዳ ጓሮ፣
አስራ ሁለት እግር ቡና ነበር፣ ተደርድሮ፤
ባሏ አባ ዲጋ የተከለው፣ ስኳር ሳይጥለው ድሮ።
እሱ ሲያልፍ ቅርንጫፉ ተሳክሮ ጨለመ፤
«ከርክምልኝ» አለችኝ።

ዋዜማውን ሰቃ ነበርኩ፣
ቅጠሉ የጠወለገ፣ ግንዱ ውስጥ ውስጡን የጠቆረ ቡና ስቆርጥ ውዬ።
በዚያው መቀስ፣ ሳልጠርገው፣
ሱሪዬ ላይ እንኳ ሳላብሰው፣
ከመጀመሪያው እግር ጀምሬ አስራ ሁለቱንም አዳረስኩ፤
እያፏጨሁ።

በዓመቱ ሦስቱ ቢጫ ሆኑ። በሁለተኛው ሰባቱ።
በሦስተኛው መቁጠር አላስፈለገም፤ ቆመው ደረቁ፣ በከንቱ።
ከግብርና የመጣው ልጅ ግንዱን ልጦ አሳየን፣
«ይህን ስለትም ያመላልሰዋል፣ ካልተጠረገ» አለን።
አዴ ዘቢዳ እጄን አየች። ፊቴን አላየችም።
እኔም «በኔ ነው» አላልኩም፤ እሷም «በማን ነው» አላለችም።

ስድስት ወር በጓሮ በር ስወጣ ስገባ ከረምኩ።
አንድ ማታ፣ ከመግሪብ በኋላ፣ በሬ ሲንኳኳ ሰማሁ፤
በሻሿ ጫፍ ጠቅልላ ግማሽ ጠርሙስ አልኮል ይዛለች።
«የመርፌው ነበር፤ ሰውዬው ሄደ፣ ይሄ ተረፈ» አለች።
«ቆዳውን ሳልጠርግ አንድም ቀን ወግቼው አላውቅም።
እንጨትም ቆዳ አለው።
አፈሩ ሁለት ዓመት ይረፍ፣ ከዚያ ሌላ እተክላለሁ፤
የምትከረክመው አንተ ነህ።»
ሻይ እንኳ ሳትቀምስ ተመለሰች።

ጠርሙሱ ያው ነው፣ ረምዚያ፤ አልኮሉን ስንቴ ሞላሁት፤
ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሳልፍ፣ ስለቱን ሳልጠርግ አልቀረሁት።
ሰው ስለት የሚሳለው ልጅ ሲያጣ፣ መንገድ ሲጠብበት ነው፤
እኔ ቤት በየማታው ይሳላል፣
ምስክሩም ሞረዱ ነው።

ብሎኑን መለስኩ፤ አንድ ጠብታ የኑግ ዘይት፣
ከፈት፣ ከደን፤ ከፈት፣
ድምፁ እስኪጠፋ።
ቆርቆሮው ላይ እንደገና ጀመረ፣ መጀመሪያ በካፊያ።

ረምዚያ ጨርቁን ከእጄ ወሰደች።
«እዚህ ጋ» አለች፣ «ከሞላው ሥር፣ ሙጫ ቀርቷል»፤
ዝቅ ብላ እያየች።